ሒሳብን በጥለት ማስተማር

በካምፓችን ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ትምህርቶች ሁሉ ልጆቻችን አብልጠው የሚፈሩት ሒሳብን ነው። ፍርሃቱ ከቁጥሩ ብቻ የመጣ አይደለም። አገር ቤት አራተኛ ክፍል ደርሶ ማካፈልን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተማረ ልጅ እዚህ ካኩማ ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ጥያቄው ስላልገባው ሒሳቡን እንደማያውቅ ተቆጥሮ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዓመት ይታገሣል፣ ሁለት ዓመት ይታገሣል፣ ከዚያ ይቀራል። በተለይ ሴት ልጅ አንድ ጊዜ ከቀረች መመለሷ ያዳግታል።

ስለዚህ እኛ መምህራን በሳምንት ከሚደርሱን የሒሳብ ክፍለ ጊዜያት አንዱን ለጥለት ሰጥተነዋል። ጥለት ስንል በቀሚስ ጠርዝና በመሶብ ላይ ያለውን፣ በብራና መጻሕፍት የሚሳለውን ሐረግ፣ በመስጊድ ግድግዳ ላይ የሚታየውን ኮከብ ሁሉ ማለታችን ነው። ጥለት አስተርጓሚ አይፈልግም። ከሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኮንጎ የመጡት ልጆችም ከእኛዎቹ ጋር እኩል ይሠሩታል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ሁለት እንጨት፣ አንድ ሲባጎና የተስተካከለ አሸዋ ነው። (ኮምፓስ እስኪታደል የሚጠብቅ መምህር ብዙ ይጠብቃል።) የሲባጎውን ጫፎች በእንጨቶቹ ላይ አስረን በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን እንለካለን። አንዱን ተክለን በሌላው ዙሪያውን ስንጭር ክብ ይወጣል። ከዚያም ሲባጎውን ሳናሳጥርና ሳናስረዝም የተተከለውን ነቅለን በክቡ መስመር ላይ እንተክለዋለን። ሲባጎው ክቡን የሚነካበትን ነጥብ ምልክት እናደርግና ወደዚያ ነጥብ እንሄዳለን። እንዲህ እያልን ስንዞር በስድስተኛው ከተነሣንበት እንደርሳለን። አይተርፍም፣ አይጎድልም። በየነጥቡ ላይ ቆመን ቅስቱን ከክቡ ዳር እስከ ዳር ከሳብነው ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይሆናል። ልጆቹ በዚህ ጊዜ ደስ ብሏቸው ይጮኻሉ፤ ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ገና አሁን ነው።

ስድስቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ስናያይዝ ጎነ ስድስት እናገኛለን። እያንዳንዱ ጎን ከሲባጎው ጋር እኩል ስለሆነ ዙሪያው 120 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጥለን ሌላ ሲባጎ በክቡ መስመር ላይ አስተኝተው እንዲለኩ እናዛቸዋለን። ወደ 126 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ያገኛሉ። ለምን እንደበለጠ ስንጠይቃቸው መስመሩ ስለጎበጠ መሆኑን ራሳቸው ይናገራሉ። ይህን በክቡ ወርድ በ40 ሲያካፍሉት 3.14 ወይም 3.15 ይደርሳቸዋል። መጽሐፉ ፓይ ብሎ 3.14 የሚለው ቁጥር ይኸው ነው። ቁጥሩን በቃሉ ከሸመደደው ይልቅ በሲባጎ የለካው ልጅ ዘንድ እንደሚቆይ እናምናለን።

ከዘይት ካርቶን ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ቅርጾች ቆርጦ ክፍተት ሳይተዉ መደርደርም ጥሩ ሥራ ነው። በአንድ ነጥብ ዙሪያ 6 ጎነ ሦስቶች፣ 4 ካሬዎች ወይም 3 ጎነ ስድስቶች በትክክል ይገጥማሉ፤ ማዕዘኖቻቸው 60፣ 90 እና 120 ዲግሪ ስለሆኑ ሁሉም 360 ይሞላሉ። ጎነ አምስት ግን እምቢ ይላል። ማዕዘኑ 108 ነው፤ ሦስቱ 324 ሆነው 36 ዲግሪ ክፍት ይቀራል፣ አራተኛው አይገባም። ልጆቹ ከሁሉ ይበልጥ የሚከራከሩት በዚህ ላይ ነው።

ስለ መሶብ እናቶች ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። ስንደዶና አክርማ እዚህ እንደ አገር ቤት ባይገኝም ከጆንያ በተመዘዘ ክር መስፋት ይቻላል። አንድ ዙር 150 ስፌት ቢኖረውና አንዱ ጥለት 12 ስፌት ቢወስድ፣ 12 ጥለት ገብቶ 6 ስፌት ይተርፋል፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ዙሩ ወይ 144 ወይ 156 መሆን አለበት። ይህ በቀሪ ማካፈል የምንለው ነው። በቀሚስ ጥበብም በየ6 ክሩ የሚደጋገም አልማዝና በየ8 ክሩ የሚደጋገም መስቀል ጎን ለጎን ቢሄዱ፣ በየ24 ክሩ እንደገና አብረው ይጀምራሉ። ትንሹ የጋራ ብዜት እያልን በሰሌዳ የምንደክምበት ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችን አሸዋ ሲጭሩ ዋሉ» ብለውናል። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ጥለት የማባዛት ሰንጠረዥን አይተካም፤ 7 ጊዜ 8ን የማያውቅ ልጅ አበባ ስለሳለ ፈተና አያልፍም። ቀሪዎቹን ክፍለ ጊዜያት ለሰንጠረዡና ለመልመጃ ያቆየናቸው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሰርክል፣ ራዲየስ፣ ትራያንግል የሚሉትን የፈተና ቃላት ልጁ የሚሰማቸው ቅርጹን በእጁ ይዞ ነው። ዕውቀቱ በቋንቋ ምክንያት ተሸፍኖ የነበረ ልጅም በዚህ ሥራ ላይ ቶሎ ይታወቃል፤ መምህሩም ወደሚገባው ክፍል እንዲዛወር ሊያመለክትለት ይችላል።

ከወላጆች የምንጠይቀው ትንሽ ነው። እናት ስትሰፋ ልጇን፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አጠገቧ አስቀምጣ የዙሩን ስፌት ታስቆጥር፤ ቁጥሩን በደብተሩ ላይ ጽፎ ወደ ክፍል ያምጣው። የሳምንቱን ጥያቄ የምናወጣው ከዚያ ነው።