የጥርስ ሽቦን የሚያፋጥነው ትንሽ ቀዶ ሕክምና፦ ወር ሲቀንስ ጉዞም ይቀንሳል?

በሽቦ የሚገፋ ጥርስ በወር የሚጓዘው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእጅ ጥፍራችሁ እንኳ ይበልጠዋል፤ እሱ በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጥርስ ተነቅሎ የተከፈተን የ7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለመዝጋት ብቻ ግማሽ ዓመት ያህል ያልፋል ማለት ነው። ሙሉ ሕክምናው በአዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ወደ 2 ዓመት ይወስዳል።

ይህ ቁጥር ለሁሉም እኩል አይከብድም። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የጥርስ ቀጠሮ ማለት ግማሽ ቀን ነው። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ለሚኖር ሰው ግን አንድ ቀጠሮ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። የግሼ ራቤል ሰው ከዚያም ይርቃል። ከመርሐ ቤቴ፣ ከዓለም ከተማ የሚነሳው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። በሽቦ ጥርስ የሚያስተካክሉ ስፔሻሊስቶች በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ሽቦው ደግሞ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መታየት ይፈልጋል።

ታዲያ «ሕክምናውን በግማሽ የሚያሳጥር ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ» ሲባል የመንዝ ሰው ጆሮ ቢቆም ይገርማል? አይገርምም። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉውን ለመረዳት መጀመሪያ ጥርስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማየት አለብን።

ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ብዙ ሰው ጥርስ መንጋጋ ላይ በሲሚንቶ የተተከለ ይመስለዋል። በእርግጥ በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ጅማት አለ። ሽቦው ጥርሱን ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ጅማቱ በዚያ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይለጠጣል።

በተጨመቀው በኩል ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች መጥተው አጥንቱን ያፈርሳሉ። በተለጠጠው በኩል ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አዲስ አጥንት ይገነባሉ። አያችሁ፣ ጥርሱ አጥንቱን ሰንጥቆ አይሄድም። የተቀመጠበት ጉድጓድ አንዱ ግድግዳ እየፈረሰ፣ ሌላው እየተገነባ ነው ቦታ የሚቀይረው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ወዲያው የመጣልኝ ጥያቄ «ኃይሉን ለምን አንጨምረውም?» የሚል ነበር። አንድን ጥርስ ለማንቀሳቀስ የሚበቃው ኃይል ብዙ ጊዜ 1 ኒውተን አካባቢ ነው፤ 100 ግራም የሚመዝን ነገር መዳፋችሁ ላይ ስታስቀምጡ የሚሰማችሁን ያህል። እጥፍ ብናደርገው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል?

አይሆንም። ኃይሉ ሲበዛ ጅማቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ። ደም ከሌለ ደግሞ አፍራሾቹ ሴሎች በዚያ በኩል ሊመጡ አይችሉም። ከኋላ፣ ከአጥንቱ ውስጥ ዞረው እስኪደርሱ ድረስ ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው ነው። ስለዚህ የፍጥነቱን ወሰን የሚያስቀምጡት ሴሎቹ ናቸው። አዋቂ ሰው ላይ ደግሞ አጥንቱ ጠጠር ያለ፣ የሴሎቹም ሥራ ዘገም ያለ ስለሆነ በተለይ አጀማመሩ ይዘገያል።

መሬቱን የሚያለሰልሰው ቁስል

እዚህ ላይ ነው ቀዶ ሕክምናው የሚገባው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሃሮልድ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ነገር በዝርዝር ጻፈ፦ አጥንት ሲቆስል በቁስሉ ዙሪያ ያለው የማፍረስና የመገንባት ሥራ ከወትሮው በብዙ ይጨምራል። አካባቢው ለጊዜው ማዕድኑ ሳሳ ይልና ይለሰልሳል፣ ኋላም ተመልሶ ይጠነክራል።

በልግን አስቡ። የመንዝ ገበሬ በበጋ የደረቀውን ማሳ በጉልበት ቢገፋው በሬው ይደክማል እንጂ ማረሻው አይገባም። ዝናብ ሲጥል ግን ያው በሬ፣ ያው ማረሻ መሬቱን ይገለብጠዋል። እርጥበቱ ታዲያ ገበሬውን ቆሞ አይጠብቀውም። ሳይቀድመው ማረስ አለበት። በመንጋጋ አጥንት ላይ የሚደረገው ትንሽ ቁስልም እንደዚያ ዝናብ ነው። እርጥበቱ የሚቆየው ደግሞ ወደ 4 ወር ገደማ ነው። ይህን 4 ወር ያዙልኝ፤ በኋላ ሒሳቡን የሚወስነው እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ሃይንሪሽ ኮለ የተባለ ሐኪም በጥርሶች መካከል ያለውን አጥንት እየሰነጠቀ ጥርስን አፍጥኗል። ለምን እንደፈጠነ የሰጠው ማብራሪያ ግን ሌላ ነበር፦ ጥርሱ ከተሰነጠቀው የአጥንት ጡብ ጋር አብሮ ይሄዳል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊልኮ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ታካሚዎቻቸውን በሲቲ ስካን ሲያዩ የሚሄድ ጡብ አላገኙም። ያዩት አጥንቱ ማዕድኑን ለጊዜው ሲያጣና መልሶ ሲያገኝ ነው። ይህም ፍሮስት ከጻፈው ጋር ይገጥማል።

አጥንት የሚቆርጥ፣ ድድ የሚምር

የእነኮለ ዘዴ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ድዱ በሰፊው ተገልጦ አጥንቱ መታየት ነበረበት። ሕመሙና እብጠቱ ብዙ ነው። «ለሁለት ዓመት ሽቦ ብለብስ ይሻለኛል» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

መፍትሔው የመጣው ከፊዚክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፦ ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹን ይለውጣል። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስትሰጡት ይርገበገባል። ይህን ንዝረት ጫፉ ላይ የያዘ የአጥንት መቁረጫ በጣሊያናዊው ሐኪም ቶማሶ ቬርቼሎቲ ሥራ ወደ ጥርስ ሕክምና ገባ። በሴኮንድ ከ24,000 እስከ 29,000 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ አይሰማም።

እጁ ተሰብሮ ጄሶ የታሰረለት ሰው ካያችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። የጄሶ መቁረጫው ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል፤ ድርቅ ያለውን ጄሶ ይቆርጣል፣ የሚለጠጠው ቆዳ ግን አብሮት ስለሚወዛወዝ በቀላሉ አይቆረጥም። የፒዬዞ መቁረጫም አጥንትንና ድድን የሚለየው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሰርዥ ዲባርና ባልደረቦቹ ይህን መሣሪያ ተጠቅመው ፒዬዞሲዥን የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። ድዱ አይገለጥም። በማደንዘዣ፣ በጥርሶች መካከል ከፊት በኩል ድዱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይከፈትና በዚያ በኩል አጥንቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጫራል። ከዚህም የቀለለ ሌላ ዘዴ አለ፦ በትንሽ መብሻ ድዱን አልፎ አጥንቱን በጥቂት ቦታ መብሳት።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በቤልጂየም ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት 24 አዋቂዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን በፒዬዞሲዥን አከመ። የእነዚህ ሕክምና 43 በመቶ አጠረ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ልብ በሉ፣ የታካሚዎቹ ጥርስ መደራረብ መጠነኛ ነበር። ከባድ ችግር ያለበት ሰው ይህንኑ ያገኛል ማለት አይቻልም።

የመብሳቱ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ28 ቀናት ውስጥ የክራንቻ ጥርስ ፍጥነት 2.3 እጥፍ ሆነ አሉ። በዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ግን በ3 ወር ክትትል ልዩነት አላገኘም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ድረስ የፈጠነ መኪና መሐል ሜዳ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አይነግራችሁም አይደል? የ28 ቀን ፍጥነትም የ2 ዓመቱን አይነግርም።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በቀዶ ሕክምና ማፋጠንን ሲመዝን መስፈርቱን ያሟሉ ያገኘው 4 ጥናቶችን ብቻ ነበር። ተሳታፊዎቹ ሁሉም ተደምረው 57 ሰዎች። ተስፋ ሰጪ ነው፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው አለ።

ወር እና ጉዞ አንድ አይደሉም

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ያለ ቀዶ ሕክምና 24 ወር፣ ማለትም 104 ሳምንት ይፈጃል እንበል። ቀጠሮው በየ6 ሳምንቱ ከሆነ 17 ጉዞ፣ በየ4 ሳምንቱ ከሆነ 26 ጉዞ ይመጣል።

የቤልጂየሙን 43 በመቶ እንዳለ ተቀብለን ብናሰላ 24ቱ ወር ወደ 14 ይወርዳል፤ 60 ሳምንት ገደማ። ግን አጥንቱ የሚለሰልሰው ለ4 ወር ብቻ ነው አላልንም? እርጥበቱ ሳያልፍ ለማረስ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ታካሚውን በየ2 ሳምንቱ ያዩታል። ለመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት እንደዚያ ቢሆንና ቀሪው በየ4 ሳምንቱ ቢሆን 8 እና 11፣ ባጠቃላይ 19 ጉዞ። እስከ መጨረሻው በየ2 ሳምንቱ ከሆነ 30 ጉዞ፤ በኪሎ ሜትር ከመሐል ሜዳ 16,800። በየ6 ሳምንቱ የሚሄደው ሰው ግን በ9,520 ይጨርሳል።

አያችሁ? አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው 10 ወር ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው። መንዝ ለሚኖረው ግን የወሩ ቁጥር ወርዶ የአውቶቡስ ትኬቱ ሊበዛ ይችላል። «ስንት ወር ይቀንሳል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ስንት ጊዜ እመጣለሁ?» የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ሌሎችም ጥያቄዎች አሉ። የጥርሱ ሥር የት እንዳለ በራጅ ታይቷል ወይ? መቁረጫው ሥሩን ከነካ ጉዳት ነው። የድድ በሽታ አለ ወይ? ካለ ቀድሞ መታከም አለበት። ድድ ላይ ትንሽ ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ የጥርስ ሥር ጫፍ መሟሟት እንደሚጨምር ያሳየ ጥናትም አለ። ማስታገሻም ቢሆን ከሐኪሙ ሳይጠየቁ አይወሰድም፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት መድኃኒቶች የሚያጠፉት ብግነት አጥንቱን የሚያለሰልሰው ያው ሂደት አካል ነው።

በመጨረሻ፣ ቢላም ማደንዘዣም የማይፈልግ ማፋጠኛ ልንገራችሁ። ቀጠሮ ማሳለፍና ሽቦው የሚታሰርበት ቁልፍ መነቀል ሕክምናን ያረዝማሉ፤ እያንዳንዱ የተነቀለ ቁልፍ ደግሞ ያልታሰበ ጉዞ ነው። የገብስ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል፣ ግን ሽቦ ያለበት ጥርስ ቆሎ መቆርጠም አይችልም። በሶው ግን አይከለከልም።