«አልታየም» ሲባል

ሆዱን ቁርጠት ሲያስቸግረው ሰገራ የተመረመረ ሰው «ኦቫ ኦር ፓራሳይት (የትል እንቁላል ወይም ጥገኛ ተሕዋስ) አልታየም» የሚል ወረቀት ይዞ ሲወጣ «ነጻ ነኝ» ይላል። ቁርጠቱ ግን አይለቀውም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «አልታየም» እንጂ «የለም» አይደለም፤ ይህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያስረዳውም።

በጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያው በቀጭን እንጨት ጫፍ ከሰገራው ጥቂት ይወስድና ስላይድ ላይ ከጨው ውሃ ጠብታ ጋር ያዋህደዋል፤ በስስ መስታወት ሸፍኖ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። መብራት ሲጠፋ በመስኮት ብርሃን የሚሠሩ ማይክሮስኮፖችም ስላሉ፣ ይህ ምርመራ ገጠር ድረስ ይዘልቃል። የሚታየው ግን 2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው።

እስቲ እናስላው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ሰውየው በቀን 200 ግራም ቢወጣው በግራም 1,000፣ በዚያች ቁንጣሪ ደግሞ 2 እንቁላል ይደርሳል። ወስፋት እንግዲህ ብቻዋን ብትሆንም ልትታይ ትችላለች። አንጀትን የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ትል ጥንድ ግን በቀን የሚጥለው እንቁላል ከ300 ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ጉበትና አንጀት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። አሥር ጥንድ ቢኖርበት እንኳ በ2 ሚሊግራም አንድ እንቁላል ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። በጣና ዳርቻ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ የሚውል ልጅ በዚህ መንገድ ሕመሙ ሳይታወቅለት ሊቀር ይችላል።

ለዚህ የሚሻለው ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ ነው። ሰገራው በወንፊት ተጣርቶ 41.7 ሚሊግራም በምትይዝ ቀዳዳ ይሰፈራል፤ በግሊሰሪን በተነከረ ሴሎፎን ተሸፍኖ ይቆጠራል። ቁጥሩ በ24 ሲባዛ በግራም ስንት እንቁላል እንዳለ ይታወቃል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ነገር ግን ግሊሰሪኑ የመንጠቆ ትልን እንቁላል ስለሚያጠፋው፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ካልታየ ያ ትል ያመልጣል።

ጊዜ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ዋጋ የሚኖረው ተቅማጥ ሲሆን ነው። የሚንቀሳቀሱት አሜባና ጃርድያ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራሉ። ከቤት በጠዋት ይዘው መጥተው ወረፋ ሲጠብቁ የረፈደበት ናሙና ብዙ ነገር ደብቆ ይመጣል፤ እዚያው ሰጥቶ ወዲያው ማስመርመር ይሻላል። ሕመሙ ካልተወ በተለያዩ ቀናት እስከ ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚገባ ሰውም ናሙናውን ሲሰጥ ይህንኑ ለባለሙያው ይንገረው፤ ምን ፈልጎ እንደሚያይ ያውቃልና።