ሐዋላና የሽብር ገንዘብ

«ሐዋላ መጣልህ» ሲባል ፊቱ የማይፈካ ተማሪ በመካከላችን የለም። ይኸው ቃል ግን በመንግሥታት የጸጥታ ሰነድ ውስጥ በጥርጣሬ የሚጠራ ሆኗል።

በ1994 ዓ.ም. በዕንቍጣጣሽ ዕለት በኒውዮርክና በዋሽንግተን ላይ አደጋ የጣሉት ሰዎች ያወጡት ከ400,000 እስከ 500,000 ዶላር ብቻ እንደ ነበረ የአሜሪካ መርማሪ ኮሚሽን ገልጿል። ገንዘቡም በአብዛኛው የተላለፈው በታወቁ ባንኮች በኩል ነው። መስከረም 18 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት በቁጥር 1373 ውሳኔው የአሸባሪ ገንዘብ በየአገሩ እንዲታገድ አዘዘ። ጥቅምት 28 ቀን አሜሪካ ትልቁን የሶማሌ ሐዋላ ድርጅት አል በረካትን ዘጋች።

የሐዋላው አሠራር ቀላል ነው፤ በሚኒያፖሊስ የሚኖር ልጅ ዶላሩን ለወኪል ያስረክባል፤ ወኪሉ ለሞቃዲሾው ባልደረባው መልእክት ይልካል፤ እናትየው ትቀበላለች፤ ወኪሎቹ ኋላ ይተሳሰባሉ። ባንክ ላልነበራት አገር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኝ ነበር?

በ1996 ዓ.ም. የኮሚሽኑ ባልደረቦች ጉዳዩን ቢመረምሩ ድርጅቱ አልቃይዳን ለመርዳቱ በቂ ማስረጃ አላገኙም።

ቁጥጥር ይቅር አንልም። አል ሸባብ በየኬላው ከጭነት መኪና ቀረጥ እንደሚሰበስብ የታወቀ ነው። ግን ይህ ከእናትየው ስንቅ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ነሐሴ 28 ቀን 2000 ዓ.ም. የአውሮፓ ፍርድ ቤት፥ በስዊድን የሚገኘው የበረካት ድርጅት ንብረቱ ሲታገድ ምክንያቱ ሊነገረውና ሊደመጥ ይገባ ነበር ሲል ፈረደ። እገዳው ሰባት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር።