በአንድ ቃል ሦስት እምቢታ

በዲሴምበር 2025 (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መንግሥት የክትባት አማካሪ ኮሚቴ በ8 ድምፅ በ3 ተቃውሞ ባሳለፈው ውሳኔ፥ እናቱ በደም ምርመራ ከጉበት በሽታው ከሄፓታይተስ ቢ ነጻ መሆኗ የታወቀለት ሕፃንም ቢሆን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተብ ይል የነበረውን ምክር ሽሮ፥ ነገሩ ለወላጅና ለሐኪም ምክክር ይተው፥ ያን ጊዜ ያልተከተበውም ሁለት ወር ሳይሞላው አይጀምር ባለ ጊዜ፥ እስከዚያ ድረስ በማዋለጃ ክፍል በጥቂት ወላጆች አንደበት ይሰማ የነበረው እምቢታ ማኅተመ መንግሥት አገኘ። ኮሚቴው የቀድሞው ኮሚቴ አልነበረም፤ የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በዚያው ዓመት በጁን ወር 17ቱንም አባላት አሰናብተው ሌሎች ተክተዋልና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን ውሳኔውን ሳይቀበል በቀድሞው ምክር ጸንቷል።

በዚያው ሰሞን ከ5 ሚሊዮን በላይ አራሶችን የመረመረ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ እርሱም የሚናገረው ስለ ክትባት ሳይሆን ስለ ቫይታሚን ኬ መርፌ ሲሆን፥ መርፌውን ሳይወጉ የቀሩት ሕፃናት በ2017 ከመቶ 2.92 የነበሩት በ2024 ከመቶ 5.18 መድረሳቸውን አስታወቀ። ጋዜጦቹ የኮሚቴውን ድምፅ ሲቆጥሩ ይህ ወሬ በዳር አለፈ፤ ለእኔ ግን ከሁለቱ የሚያስፈራው እርሱ ነው።

በአሜሪካ ሆስፒታል የሚወለድ ሕፃን፥ እትብቱ ተቆርጦ በእናቱ ደረት ላይ ካረፈ በኋላ፥ ዐይኑ በኤሪትሮማይሲን ቅባት ይቀባል፥ ጭኑ ላይ ቫይታሚን ኬ ይወጋል፥ የሄፓታይተስ ቢ የመጀመሪያ ክትባቱንም ይወስዳል። የሦስቱ ጥንተ ነገር፥ ጥቅምና የማስረጃ ጽናት እጅግ የተለያየ ሆኖ ሳለ፥ እምቢ የሚሉት ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት «ልጃችንን አትንኩብን» በሚል አንድ ቃል ነው። በካናዳ በአልበርታ ክፍለ ሀገር የተደረገ ጥናት ቫይታሚን ኬ ያልተሰጠው ሕፃን በ15 ወሩ ምንም ክትባት ሳይወስድ የመገኘቱ ዕድል ከሌላው 14.6 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እነዚህም ወላጆች ያልተማሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ንባብ የሚወዱ፥ በቤታቸው ወይም በግል የማዋለጃ ቤት በአዋላጅ እጅ መውለድን የመረጡ፥ ልደትን ከመድኃኒት ሽታ ለማራቅ የሚሹ ናቸው።

ቫይታሚን ኬ ክትባት አይደለም። ደም እንዲረጋ ጉበት የሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች ያለ እርሱ ሥራቸውን አይሠሩም፤ ሕፃኑ ግን ይህን ቫይታሚን በእንግዴ ልጅ በኩል በበቂ አያገኝም፥ በእናት ጡት ወተት ያለውም እጅግ ጥቂት ነው፥ እናቲቱ የቱንም ያህል ጎመን ብትበላ። ነገሩን ኮፐንሃገን ላይ ስብ የሌለው መኖ ያበላቸው ጫጩቶች ከቆዳቸው ሥር ሲደሙ አይቶ የደረሰበት ተመራማሪው ሄንሪክ ዳም ሲሆን፥ ቫይታሚኑን አንጥሮ ካወጣው ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከ1961 ጀምሮ ለአራስ ሁሉ እንዲሰጥ መክሯል። መርፌው ያልተሰጠው ሕፃን፥ ዘግይቶ ለሚመጣው የደም መፍሰስ ያለው ተጋላጭነት ከተወጋው 81 እጥፍ ይበልጣል፤ የሚመጣውም ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከሚደሙትም ግማሽ ያህሉ የሚደሙት በአንጎላቸው ውስጥ ነው። እናቲቱ ልጇ እንቅልፍ እንዳበዛ፥ ጡት እንደተወ፥ እርግብግቢቱ እንዳበጠ ባየች ጊዜ ደሙ ከፈሰሰ ቆይቷል።

በ2013 ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት፥ ቴነሲ ውስጥ በናሽቪል ከተማ ወደሚገኘው የቫንደርቢልት የሕፃናት ሆስፒታል አራት ሕፃናት እንዲህ እየደሙ መጡ፤ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ሳምንት ነበር፥ አራቱም መርፌውን አልተወጉም። ሦስቱ በአንጎላቸው፥ አንዱ በአንጀቱ ደምተው ነበር፤ ሁሉም በሕይወት ተረፉ፥ ሆኖም መትረፍና እንደነበሩ መሆን አንድ አይደለም። የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መርማሪዎች ምክንያቱን በጠየቁ ጊዜ ወላጆቹ፥ መርፌው የደም ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምተናል፥ አስፈላጊም አልመሰለንም፥ ልጃችንንም ከመርዝ መጠበቅ ፈለግን የሚል መልስ ሰጡ። በአንድ የከተማው ሆስፒታል መርፌውን ሳይወስዱ የቀሩት ከመቶ 3.4 ሲሆኑ፥ በግል የማዋለጃ ቤቶች ግን ከመቶ 28 ነበሩ።

የካንሰሩ ወሬ ምንጭ ታዋቂ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ተገቢ ይመስለኛል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ጂን ጎልዲንግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1992 ባወጡት ጥናት፥ መርፌውን በተወጉት ልጆች ላይ ካንሰር ካልተወጉት ወይም በአፋቸው ከተሰጡት በእጥፍ ገደማ እንደታየ ጻፉ። ሊቅ የጠረጠረውን መጻፉ ነውር የለበትም። በብሪታንያ ብዙ ሆስፒታሎች መርፌውን ትተው በአፍ ወደሚሰጠው ዞሩ። በማግሥቱ ዓመት ግን በስዊድን የ1.3 ሚሊዮን ሕፃናት መዝገብ ተመርምሮ አንዳች ግንኙነት ታጣ፤ ከዚያም ወዲህ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች፥ በዚያው በብሪታንያ የተደረገው ጭምር፥ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ አላጸኑትም። በአፍ የሚሰጠውም ደጋግሞ መስጠት የሚጠይቅ ከመሆኑ በላይ፥ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሳይታወቅ የተወለደ ሕፃን በስብ የሚሟሟውን ቫይታሚን በአንጀቱ መቀበል ስለማይችል፥ መከላከያው ከሁሉ ይልቅ ለሚያስፈልገው ልጅ አይደርስም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ጥርጣሬው ከ20 ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ በናሽቪል ወላጆች አፍ መገኘቱ፥ ሐኪሞች መልሱን ለመጽሔቶቻቸው እንጂ ለእናቶች አለመንገራቸውን ያሳያል።

ለእምቢተኞቹም ፍርድ ሳይጓደል አንድ ነገር መነገር አለበት። በ1950ዎቹ ሐኪሞች ሰው ሠራሽ የሆነውን ሌላ ዓይነት ቫይታሚን ኬ ያለ ልክ በሰጡ ጊዜ፥ በተለይ ያለ ወራቸው በተወለዱት ላይ ሰውነትን ቢጫ አድርጎ አንጎልን እስከመጉዳት የደረሰ በሽታ አምጥተዋል፤ የዛሬው መድኃኒት ሌላ፥ መጠኑም ከ1 ሚሊግራም የማይበልጥ ነው። ይህን ሳይሸሽግ የሚናገር ሐኪም ከሚሸሽገው ይልቅ ይታመናል።

ከአማኞች ወገን የሚነሣው ክርክር ደግሞ በእኛ ጆሮ በቀላሉ የሚገባ ነው፤ ስምንተኛው ቀን የሕፃን ደም ከሁሉ አብልጦ የሚረጋበት ቀን ስለሆነ እግዚአብሔር ግዝረትን በዚያ ቀን አዘዘ፥ ፈጣሪ ያሰበበትን ሰው አይጨምርበት ይላሉ። ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን ስንገርዝ የኖርን ሕዝብ እንደ መሆናችን መጠን ቃሉ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 17 የሚናገረው ስለ ኪዳን ነው እንጂ ስለ ደም መርጋት አይደለም፤ የሚፈራውም ደም መፍሰስ የሚመጣው ስምንተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው።

ስለ ዐይን ቅባቱ ብዙ ማለት አያሻም። ሐኪሙ ካርል ክሬዴ በ1880 በላይፕዚግ በአራሶች ዐይን ሲልቨር ናይትሬት ማንጠብ በጀመረ ጊዜ፥ ከእናት በሚተላለፍ ጨብጥ የሚታወር ሕፃን ብዙ ነበርና ሥራው ታላቅ ነበር። ዛሬ ግን እርጉዝ ሴት ተመርምራ መታከም በምትችልበት አገር ቅባቱ እምብዛም አያስፈልግም፤ ብሪታንያ ለሁሉ አትሰጥም፥ የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2015 ይቅር ብሏል፤ በአሜሪካ ግን በብዙ ግዛቶች የሕግ ግዴታ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ ረገድ ከእምቢተኞቹ ጋር ብዙ ጠብ የለኝም።

ወደ ጉበቱ በሽታ እንመለስ። ሄፓታይተስ ቢ በዐዋቂ ዕድሜ የያዘው ሰው ከሃያ አንድ እንኳ ሳይሞላ ሥር የሰደደ ሕመምተኛ የሚሆን ሲሆን፥ በልደቱ ጊዜ ከእናቱ የያዘው ሕፃን ግን ከአሥር ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ሲሮሲስና ወደ ጉበት ካንሰር የሚያደርሰውም ይኸው ነው። ታይዋን በ1984 አራሶችን መከተብ ጀምራ ከአሥር ዓመት በኋላ የልጆች የጉበት ካንሰር በግማሽ ገደማ ወደቀ። ለአዲሱ ውሳኔ ደጋፊዎች፥ እናቱ ነጻ ከሆነች ሕፃኑ ከማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ በቂ መስሎ ታይቷል። ጥያቄው ግን መልስ አለው፤ የምርመራ ውጤት ይሳሳታል፥ ይዘገያል፥ በመዝገብ ላይ ሳይገለበጥ ይቀራል፤ ሕፃንም የሚኖረው ከእናቱ ጋር ብቻ አይደለም።

በአገር ቤት ችግሩ ከእምቢታ ይልቅ አለማግኘት ነው፤ በጤና ጣቢያ የተወለደ ልጅ ቫይታሚን ኬ ይወጋል፥ ቴትራሳይክሊን ቅባት ይቀባል፥ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ መከላከያ ይሰጠዋል፥ ነገር ግን በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች ከግማሽ ጥቂት ያነሱ ነበሩ። ሄፓታይተስ ቢን በደሙ የተሸከመው ሕዝባችን፥ ጥናቶች ተደምረው እንደሚያሳዩት፥ ከመቶ ሰባት ገደማ ስለሆነና ብዙው ተሸካሚም ሕመሙን ስለማያውቅ፥ የዲሴምበሩ ውሳኔ ከማንም አስቀድሞ የሚመለከተው በዋሽንግተን፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረውን ወገናችንን ነው።

እንግዲህ ለመውለድ የተቃረባችሁ ወላጆች፥ ምጡ ሳይመጣ ሐኪማችሁን ስለ ሦስቱ በየተራ ጠይቁ፤ ስለ ቅባቱ ተከራከሩ፥ መርፌውን ግን አትከልክሉ። ክትባቱን ለማቆየት ያሰባችሁም ብትሆኑ፥ አስቀድማችሁ በቤቱ ያሉትን ሁሉ፥ ከአገር ቤት ሊያርሱ የመጡትን እናት ጭምር፥ አስመርምሩ፤ ምርመራው አንድ ብልቃጥ ደም ብቻ ነው የሚጠይቀው።