ከገበያ እስከ ቤት፦ ወገባችንን የማይጎዳ ጠንካራ ቦርሳ እንዴት እንምረጥ?

በዚህ ወር የማነሣላችሁ ርዕስ ከመድኃኒትም ከምግብም ራቅ ያለ ይመስል ይሆናል። ስለ ገበያ ቦርሳ ነው። እንድጽፈው ያስገደደኝ ግን በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ቆሜ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

አርብ ገበያ ስሟ እንደሚነግራችሁ የአርብ ገበያተኛ ከተማ ናት። ከታች ጋይንት ቀበሌዎችም ከስማዳ ወገንም ሰው ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ አቋርጦ ይመጣል። ለእኛ ደግሞ ዕለቱ የጁሙዓ ቀን ነው። አዛን ሲሰማ ንግዱ እንደሚተው፣ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ ሲሳይ ፍለጋ መበተን እንደተፈቀደ በሱረቱል ጁሙዓ የተማርነው ነው። ከሶላት በኋላ ታዲያ ሁሉም የሳምንት አስቤዛውን እየያዘ ወደየቤቱ ያዘግማል። በማግስቱ ቅዳሜ ከእነዚያው ሰዎች ጥቂቶቹ ወደ እኔ ይመጣሉ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ያችን የወገብ ኪኒን ስጪኝ» አሉኝ። ወገባቸውን መቼ መቼ እንደሚያማቸው ጠየቅኋቸው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አሉ። አርብ ዕለት ምን ይዘው እንደሄዱ ስጠይቃቸው መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የፌስታል ማንጠልጠያ የቆረጠው ቀይ መስመር በሁለቱም እጃቸው ጣቶች ላይ ገና አልጠፋም ነበር። ዘይቱን በአንድ እጅ፣ ሽንኩርቱን በሌላው፣ የቀረውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው ያን ሁሉ መንገድ የወጡት።

እስቲ የአንድ መካከለኛ ቤተሰብ አስቤዛ እንመዝን። 5 ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ኪሎ ድንች፣ 2 ኪሎ ስኳር፣ 1 ኪሎ ጨው፣ ሳሙናውና ጥቃቅኑ ሲደመር 1 ኪሎ ተኩል ይሁን። ድምሩ 17 ኪሎ ይመጣል። የሴትዮዋ ክብደት 50 ኪሎ ቢሆን፣ የራሷን አንድ ሦስተኛ ተሸክማ ነው ዳገት የምትወጣው። ይህን ያህል ሸክም በምንም ቦርሳ ቢሆን ቀላል ነው አልላችሁም። ከተቻለ ለሁለት ሰው ወይም ለሁለት ጊዜ ይከፈል። በእጅ መንጠልጠሉና በጀርባ በደንብ መታዘሉ ግን እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱን በራሳችሁ ሞክሩት። ግማሽ ባልዲ ውኃ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ከዚያ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት። ውኃው ያው ነው፤ ወገባችሁ ግን ወዲያው ይነግራችኋል። ሸክም ከሰውነታችን በራቀ ቁጥር የጀርባ ጡንቻ ሚዛን ለመጠበቅ አብዝቶ ይጎትታል። በአንድ ጎን ብቻ ከተንጠለጠለ ደግሞ የአከርካሪ አጥንታችን ወደ ሌላው ጎን እየተጣመመ ይሄዳል።

ይህን ጥበብ ከውጭ መጻሕፍት መማር አያስፈልገንም። አንቀልባን ተመልከቱ። ሰፊ ቆዳ ነው፤ ሕፃኑን ከፍ አድርጎ ከጀርባ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጠፍሩም ክብደቱን ለትከሻና ለወገብ ያካፍላል። እናቶቻችን ልጅ አዝለው ወፍጮ ቤት ደርሰው የሚመለሱት በዚህ ዘዴ ነው። ለልጅ ያወቅንበትን ለሽንኩርት መርሳታችን ይገርመኛል። ጎረቤታችን ኬንያም ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች የሰውነታቸውን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ተሸክመው ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ከሚሄዱበት የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቷል። ሉኦዎቹ በራሳቸው ላይ፣ ኪኩዩዎቹ ግንባራቸው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ከጀርባቸው አድርገው ነው የሚሸከሙት። ጥናቱ የለካው የጉልበትን ወጪ እንጂ የአንገትን ጤና አለመሆኑን ግን አትርሱ።

እንግዲህ ቦርሳ ስትመርጡ ቀለሙን ትታችሁ መጀመሪያ ማንገቻውን እዩ። ሁለት መሆን አለበት፤ ስፋቱም ቢያንስ አራት ጣት ይሁን። ቀጭን ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲጫን ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ይጨቁናል። እጃችሁ የሚደነዝዘው፣ ጣታችሁን እንደ መርፌ የሚወጋችሁ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ውስጡ ስፖንጅ ያለው ቢሆን መልካም፤ ከሌለውም የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ በጨርቅ ሸፍኖ መስፋት ይቻላል። ማንገቻው የሚያጥርና የሚረዝም ካልሆነ አትግዙት፤ የባልና የሚስት ጀርባ አንድ አይደለም።

ለእህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጅልባብ በተለይ ናይለን ነክ ከሆነ ማንገቻው እየተንሸራተተ ያስቸግራል፤ የሂጃብ መርፌም በማንገቻው ሥር ከዋለ ይወጋል። መርፌውን ወደ መሐል አውሉት፤ ሁለቱን ማንገቻዎች ደግሞ ደረት ላይ በአንዲት ጥብጣብና ዘለበት አገናኟቸው። እኔ ራሴ ይህን እስካደርግ ድረስ መንገዱን ሁሉ ትከሻዬን ከፍ አድርጌ ነበር የምሄደው፤ ማታ አንገቴን ሲያመኝ ምክንያቱ አይገባኝም ነበር።

ቀጥሎ ስፌቱ ይታይ። የቦርሳ ጨርቅ ሳይቀደድ ማንገቻው መነቀሉ የተለመደ ነው። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተያያዘበትን ቦታ ገልብጣችሁ እዩ። በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ አይበረክትም። አራት ማዕዘን ተሰፍቶ በመካከሉ እንደ ኤክስ ፊደል የተሻገረ ስፌት ካለው ግን ብዙ ይቆያል። የታችኛው ወለልም ድርብ ይሁን። ዚፕ ከሁሉም ቀድሞ የሚበላሽ ነገር ስለሆነ፣ ጥርሱ ትልልቅ ያልሆነውን ከመግዛት አፉ በገመድ ተሰብስቦ የሚታሰረውን እመርጣለሁ። ጨርቁ ሸራ ወይም ወፍራም ጂንስ ቢሆን ይመረጣል። ብልጭልጭ የሚለው ስስ የተማሪ ቦርሳ ለደብተር እንጂ ለድንች አልተሠራም።

እንዲህ ያለውን ከሱቅ ካጣችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂዱ። ከላይ የነገርኳችሁ እናት ያደረጉት ይህንኑ ነው። የልጃቸውን ያረጀ ጂንስ ሱሪ ይዘው ሄዱ፤ ከእግሩ ሁለት ማንገቻ ወጣለት፤ ከሸራ ቁራጭ ደግሞ ከረጢቱ ተሰፋ። ገንዘቡን ሳይከፍሉ በፊት ውስጡን ድንጋይ ሞልተው በአንድ ማንገቻ አንጠልጥለው እንዲፈትሹት መክሬአቸው ነበር። ልብስ ሰፊው ትንሽ ቅር አለው አሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ማንገቻ ክር ሲላቀቅ አይቶ ራሱ ደግሞ ሰፋው።

መጠኑ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ ድረስ ይብቃ። ከዚያ ወርዶ መቀመጫ ላይ የሚመታ ቦርሳ ወደ ኋላ ይጎትታል። ትልቅ ቦርሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቦታ ካለ እንሞላዋለን። ስትሞሉት ዘይቱና ስኳሩ ከጀርባችሁ ጋር ተጠግተው መሐል ላይ ይሁኑ፤ ቀላሉ ወደ ውጭ፣ ቲማቲምና እንቁላሉ ከላይ ይቀመጥ። በረኪና፣ ዱቄት ሳሙናና ነጭ ጋዝ ከምግብ ጋር አይታዘሉ፤ በእጅ ቢያዙ ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው ይሁን። ከባድ ከባዱንም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ግዙት፤ መስጂድ ደጃፍ ድረስ ተሸክሞ መሄድና እንደገና ማንሣት ትርፍ ድካም ነው።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። ብዙ ቤት እህልና ሽንኩርት የሚያዘው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከፋብሪካ አዲስ የመጣ ወይም ስኳር የነበረበት ከሆነ ግድ የለም። ዩሪያ የነበረበት፣ ከዚያም የባሰ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም መድኃኒት የነካው ከረጢት ግን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። መርዙ በክሩ መካከል ይቀራል፤ ሽታው መጥፋቱም ምልክት አይሆንም። ምን እንደነበረበት የማታውቁትን ከረጢት ለቦርሳ መሥሪያም አትጠቀሙበት።

ፌስታሉ እንደሆነ የመሸኛው ጊዜ ደርሷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከለከለው በጣም ስሱን ብቻ ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን ፌስታል ማምረትንም መሸጥንም መጠቀምንም ከልክሏል፤ ቅጣትም አለው። ስለዚህ ሌላ ማንገቢያ መፈለጋችን አይቀርም። ዘንቢል ለቀላል ዕቃና ለአጭር መንገድ ጥሩ ነው፤ ለ17 ኪሎና ለዳገት ግን አይሆንም።

እርጉዝ እህቶችና ከወለዱ ገና ጥቂት ወራት የሆናቸው እናቶች ይህን ሁሉ ምክር ትተው ከባዱን ለሌላ ሰው ይስጡት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና በሰሜን ጎንደር ደባት ወረዳ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በቀን 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር መሸከም ከማህፀን ወደ ታች መውረድ ጋር ተያይዞ መገኘቱን አሳይቷል። ይህ ሕመም ሴቶቻችን በሐፍረት የሚደብቁት ነው፤ መድኃኒት ቤት መጥተው እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነግሩኝ። ባሎች ሆይ፣ ይህችን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቧት። ለልጆች ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው የቦርሳ ክብደት ከሰውነታቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ማለት ነው፤ የ5 ሊትር ዘይት ብቻውን ይበቃዋል።

ስለዚያች «የወገብ ኪኒን» ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን እበድላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዲክሎፌናክ ናት። ለጥቂት ቀን ከምግብ በኋላ ብትወሰድ ትረዳለች፤ በየሳምንቱ ስትደጋገም ግን ጨጓራ ታቆስላለች፣ ታደማለች፣ ኩላሊትን ትጎዳለች፣ የደም ግፊትንም ከፍ ታደርጋለች። የጨጓራ፣ የኩላሊትና የግፊት ሕመምተኞች ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዷት። እርጉዝ ሴት በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ ሐኪም ካላዘዘላት በስተቀር አትንካት። ፓራሲታሞል የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አይለፍ። «ቶሎ ያድናል» ተብሎ ከኪኒኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ካለ፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

ሸክም አውርዳችሁ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አርፋችሁ ካልተሻላችሁ ግን ጉዳዩ የቦርሳ አይደለም። ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳትና ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ካልተፈላ ወተት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ የሚቀጥለውን ገበያ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ድረሱ።