«ባዮኒክ ሴት» ስለሚባለው ቃል ትርጓሜና ምንጭ

ሰው የአባቶቹን የትውልድ ሐረግ ቈጥሮ ለማወቅ እንደሚወድ ሁሉ፥ በየዕለቱ የሚናገረውንም ቃል ዘር ቢመረምር ብዙ ትምህርት ያገኝበታል። የቃሉን ምንጭ ሳያውቅ የሚናገር ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው ባልንጀራውን ያሳዝናል። ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው «ባዮኒክ ሴት» የሚለው አነጋገር ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ እኩሌታዋ ሰው እኩሌታዋ መኪና የሆነች ፍጥረት ትመስላቸዋለች። ነገሩ እንደዚህ መሆን አለመሆኑን ከቃሉ ዘር እንመልከት። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

«ባዮኒክስ» የሚለውን ቃል በ1958 ዓ.ም. ያወጣው ጃክ ስቲል የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ዴይተን በምትባለው የኦሃዮ ከተማ ሊቃውንት ተሰብስበው በዚሁ ስም ጉባኤ አደረጉ። የቃሉ ሥር «ቢዮስ» የሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም ሕይወት ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቃሉ ስለ ሰው ሠራሽ እጅና እግር ብቻ የተነገረ አልነበረም፤ እግዚአብሔር በፈጠራቸው ሕያዋን ያለውን ጥበብ አጥንቶ ለመሣሪያ ሥራ ማዋልን የሚያመለክት ነበረ እንጂ።

ቃሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በልብ ወለድና በቴሌቪዥን ነው። ማርቲን ኬይዲን በ1972 ዓ.ም. «ሳይቦርግ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚህም መጽሐፍ የቴሌቪዥን ትርኢት ወጣ። በ1976 ዓ.ም. «ባዮኒክ ሴት» የተባለው ትርኢት ተከተለ። በዚህም ትርኢት አንዲት የቴኒስ ተጫዋች ከአየር በጃንጥላ ስትወርድ አደጋ አግኝቷት እግሮችዋ፥ አንድ እጅዋና አንድ ጆሮዋ በመሣሪያ ተተኩላት። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከሰው ኃይል በላይ የሆነ ብርታትን የሚያመለክት መሰለ።

የዚህ ቃል ጎረቤቶች የሆኑትም ምንጫቸው ልዩ ልዩ ነው። «ሮቦት» የሚለው ቃል በካሬል ቻፔክ የ1920 ዓ.ም. ቴአትር የተገለጠ ሲሆን፥ ቃሉን ያመለከተው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። «ሮቦታ» በቼክ ቋንቋ ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በአገራችን ቀድሞ ሁዳድ ማረስ እንደሚባለው ያለ ነው። «ሳይቦርግ» የሚለውን ግን ማንፍሬድ ክላይንስና ናታን ክላይን በ1960 ዓ.ም. ያወጡት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍሉ የመርከብ መሪ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ ሮቦት ማለት ታዛዥ ሠራተኛ ሲሆን፥ ባዮኒክ ማለት ግን በሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

አሁን ወደ ሴት ስም እንመለስ። በግእዝ ወንዱ ብእሲ፥ ሴቲቱ ብእሲት ትባላለች፤ ብዙዎች ሲሆኑ አንስት ይባላሉ። «እመቤት» የሚለውም የክብር ስም እምና ቤት ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጋጠመ ስለሆነ የቤት እናት ማለት ነው። የእንግሊዞች «ዉማን» ደግሞ በጥንት ቋንቋቸው «ዊፍማን» ነበረ። «ዊፍ» ሴት፥ «ማን» ሰው ማለት ስለ ነበረ፥ እኛ «ሴት ሰው» እንደምንለው ያለ ነው። ኋላ ግን «ማን» ለወንድ ብቻ፥ «ዊፍ» ለሚስት ብቻ እየሆነ ትርጓሜው ጠበበ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሔዋን ስም ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው አዳም ይህን ስም ያወጣላት የሕያዋን ሁሉ እናት ስለ ሆነች ነው። ሕይወትና ሕያው የሚሉት የግእዝ ቃሎችም የዚሁ ዘር ናቸው። እንግዲህ የባዮኒክ ሥሩ ሕይወት ከሆነ፥ የመጀመሪያይቱም ሴት ስም ሕይወት ከሆነ፥ ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ በአንድ ትርጓሜ ተገናኙ ማለት ነው።

የጐደለውን አካል በሥራ መተካት አዲስ ነገር አይደለም። የግሪክ ሰዎች «ፕሮስቴሲስ» አሉት፤ መጨመር ማለት ነው። በግብፅ አገር በሉክሶር ፊት ለፊት ካለው የመቃብር ስፍራ ታባኬተንሙት የተባለች የካህን ልጅ አስከሬን ተገኝቷል። የቀኝ አውራ ጣትዋ ተቈርጦ ቍስሉ ከዳነ በኋላ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ ጣት ተደርጎላት ነበረ። ዕድሜው ወደ 3,000 ዓመት ይጠጋል። የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2017 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ ጣቱ ከእግርዋ ጋራ እንዲስማማ ደጋግሞ ታርሟል። ይህን የሠራው ብልሃተኛ ሬሳ ለማስጌጥ ሳይሆን በሕይወት ያለች ሴት እንድትራመድ የደከመ ነው።

በዘመናችንም ክላውዲያ ሚቸል የተባለች ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ወታደር የነበረች ሴት በ2004 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት አደጋ ግራ እጅዋን አጣች። የቺካጎ ሐኪሞች ወደ እጅዋ ይወርዱ የነበሩትን ነርቮች ወደ ደረትዋ ጡንቻዎች አዛወሩላት። እጅዋን ለማንቀሳቀስ ባሰበች ጊዜ ጡንቻው ይነሣል፤ መሣሪያውም ያንን ተቀብሎ ይታዘዛል። የደረትዋ ቆዳ ሲነካም እጅዋ የተነካ ይመስላት ነበር። በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ በታየች ጊዜ ጋዜጦች «ባዮኒክ ሴት» አሏት። ነገር ግን ያዘዘችው እርስዋ፥ የታዘዘው መሣሪያው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ባለቤቲቱ ሴቲቱ ናት።

እንግዲህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ በሰው ሠራሽ እጅ የምትሠራ፥ በሰው ሠራሽ እግር የምትራመድ ሴት ብትኖር፥ ልጆች በጐደለው አካልዋ ወይም በመሣሪያዋ ስም እንዳይጠሩዋት ምከሩአቸው። ከመሣሪያው በፊት የወጣላት የራስዋ ስም አላት፤ ወይዘሮ እገሊት ብሎ መጥራት ይበቃል። እንጨቱም ሆነ ብረቱ ለአካልዋ የተጨመረ ነው እንጂ ክብርዋን የሚቀንስ አይደለም።