ድግሱ ሲቀር ማዕዱ እንዳይጎድል፦ ሕፃናትን መደገፍና የኮቪድ ዘመን ትምህርት

አዲስ አበባ፦ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። 40 ዓመታት ያህል ወላጅ ላጡ ሕፃናት እናት ሆነው የኖሩትን እኚህን ሴት የነጠቀው ኮቪድ-19 ነው። ወረርሽኙ የሕፃናት ማሳደጊያዎች የቆሙበትን የድጋፍ ልማድም ክፉኛ ፈትኗል። ፈተናው ከየት እንደመጣና የእርሳቸው ሕይወት ለደጋፊዎች ምን እንደሚያስተምር መረዳት ዛሬም ይጠቅማል።

ድጋፉ ለምን ሳሳ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ።

በአገራችን ብዙ ሰው ሕፃናት ማሳደጊያ የሚሄደው ምክንያት ሲያገኝ ነው። የልጁን ልደት ከሕፃናቱ ጋር ያከብራል፤ ለሟች ዘመዱ መታሰቢያ ምሳ ያበላል፤ በዓል ሲደርስ በግ ይዞ ይጠይቃል። ልማዱ መልካም ነው። ሆኖም መሰብሰብ ሲከለከል ምሳውም፣ ጉብኝቱም፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቱም በአንድ ጊዜ ቀረ። በአንጻሩ የሳሙና፣ የውኃና የጭምብል ወጪ ጨመረ። ገቢው በቀነሰበት ወር ወጪው የጨመረበት ቤት ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለማንም ግልጽ ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው ሀና ማርያም ባሉ የከተማዋ ደቡባዊ ሰፈሮች ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። የቀን ሥራና የጉልት ንግድ የሚያኖረው ቤተሰብ ገቢው ሲቋረጥ ጉዳቱ በዚያው ሳምንት ልጁ ዘንድ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋም ተማሪው በትምህርት ቤት ይመገብ የነበረው ምግብ ይቀርበታል። የገጠሩም ሰው ከፈተና አላመለጠም፤ በዚያው ዘመን የበረሃ አንበጣ በአማራ ክልል ምሥራቃዊ አካባቢዎች የደረሰ ሰብል አውድሟል።

ችግሩ የዓለምም ነበር። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያዎቹ 14 ወራት ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ወላጃቸውን ወይም አብሯቸው የሚኖር አሳዳጊ አያታቸውን እንዳጡ ገምቷል።

የአበበች ጎበና መንገድ

አበበች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ ውስጥ ወደሚገኘው ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ አካባቢው በረሃብ ተመትቶ ነበር። ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ጨምረው ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ይህ በትዳራቸው ላይ ችግር ሲያመጣም ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ።

ያኔ ለጋሽ ድርጅት አልነበራቸውም። ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን ያሳድጉ ጀመር። ድርጅታቸው ካደገ በኋላም ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ከመርሆቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ልጅ በየቀኑ ይበላልና የሚያኖረው ገቢም ድግስን ጠብቆ የሚመጣ ሊሆን አይችልም። በክፉ ቀን ከደጋፊ የሚጠበቀውም አብዝቶ መስጠት ሳይሆን አለማቋረጥ ነው።

ደጋፊው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ፣ ለአንድ ቀን ምሳ የታሰበውን ገንዘብ ከፋፍሎ በየወሩ በባንክ መላክ ይቻላል። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም አሳዳጊው አስቀድሞ ያቅድበታል።

ሁለተኛው መንገድ እድር ነው። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ደግፈዋል። የሀና ማርያምም ሆነ የሌላ ሰፈር እድር ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂት ብር ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ልጁ ከሰፈሩና ከዘመዱ ሳይርቅ ያድጋል። ከጥር 2010 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ስለተከለከለ የአገር ውስጥ አሳዳጊ አስፈላጊነት ጨምሯል።

ለአርሶ አደሩ ምቹው ጊዜ የመኸር ምርት የሚገባበት ወቅት ነው። ከአውድማ ተለይቶ የሚቀመጥ እህል፣ ጎተራ በሚሟጠጥበት ክረምት ወላጅ ያጣን የጎረቤት ልጅ ያሻግራል።

በመጨረሻም ደጋፊ የመጠየቅ መብት አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩም ይፈቅዳል። ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠት በፊት ድርጅቱ መመዝገቡን፣ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውልና የራሱ ገቢ እንዳለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ለጥያቄው መልስ ያገኘ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣም እጁን አያጥፍም።